እናታችን ያየችው ሽማግሌ

ቆቦ፣ ኅዳር 1975 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ ለጦይብ፤ የእናታችንና የጎረቤቱ ሁሉ ናፍቆት ካለህበት አስመራ ይድረስህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ማሽላው ዘንድሮ አፍርቷል፤ ላሚቱም ወልዳለች።

እናታችን፣ የእጅህ ጽሑፍ ከቀረበት ከክረምት ጀምሮ፣ በሕልሟ አንድ ነጭ የለበሰ ሽማግሌ ከጎሊና ወንዝ ማዶ ቆሞ ዝም ብሎ ያያት ነበር። ለጎረቤታችን ለእትዬ ትርንጎ ብትነግራቸው፣ «እኔም ልጄ የዘመተ ጊዜ አይቻቸዋለሁ፤ የኔው ግን መስቀል ይዘው ነበር» አሏት። ሼህ ሁሴን ዘንድ ይዣት ሄድኩ።

«ይህ ሽማግሌ የማይመጣበት ሰው የለም» አሉ ሼሁ። «እስላሙ ኸድር ይለዋል፤ ክርስቲያኑ ጻድቅ ይለዋል። የሚመጣው መልስ ላጣ ሰው ነው። አንቺ ምን ጠይቀሽ ነው?»

እናታችን ሻሿን አስተካከለች። እኔም ስለ ላሚቱ ማውራት ጀመርኩ።

ሰኞ ዕለት አብሮህ ያለው ወታደሩ ከበደ በፈቃድ መጥቶ፣ ከአውቶቡስ እንደወረደ እኛ ቤት ገባ።

«ጦይብን በቀደም አይቸዋለሁ። ቆሞ ሲያስቀን ነበር» አላት እናታችንን።

«ቆሞ?» ብላ ደጋግማ አስነገረችው። እርጎ ሳይጠጣም አላስወጣችውም።

በማግስቱ ሕልሟን ብጠይቃት፣ «ምን ሕልም አለ፤ ተኝቼ ነበር እኮ» አለችኝ።

በል ወንድምዓለም፣ አላህ በዓይነ ሥጋ ያገናኘን። ሲመችህ በራስህ እጅ ሁለት መስመር ጻፍልን።

እህትህ ዘሀራ