ሂተሩን ገጥሜልሃለሁ

ሱፍያን፣

ለአሮጌዋ ዲዝል መኪናህ የሞተር ማሞቂያውን ገጥሜላታለሁ፤ ጋራዥ ስለሌለን ውጭ በብርድ እጄ ደንዝዞ ነው የጨረስኩት። የሞተር ማቀዝቀዣውን ኩላንት ሞልቻለሁ፣ አያፈስም። የማሞቂያው የኤሌክትሪክ ገመድ በመኪናዋ ፊት በኩል ወጥቷል። የቤቱ ሶኬት ላይ ሰክቼዋለሁ፤ ሳትነቅለው እንዳትነዳ።

ከእንግዲህ በብርድ አልነሳም አትልህም።

ለእህትህ በስልክ «ፍስሐን በየጠዋቱ በመኪናህ ሥራ አድርሰኝ ማለት አሳፈረኝ» ስትላት ሰምቻለሁ። ይሄ ይሉኝታህ! መቼ አስቸገርከኝ አልኩህ? እስከ ፉትሂልስ ሰፈር መንገድ ላይ የምናወራውን ይዤ ነው ቀኑን የምውለው። ከዚያ በኋላ የምሠራበት መጋዘን ውስጥ እኔና ዕቃ ማንሻው ፎርክሊፍት ብቻ ነን። ማታ ደግሞ አንተ ክፍልህን ዘግተህ ስልክ ላይ ነህ።

ለማንኛውም፣ ዛሬ ቀድሜ ወጥቻለሁ። በራስህ መኪና ሂድ።

ጓንትህ እኔ መኪና ውስጥ፣ ያንተ ወንበር ላይ ቀርቷል። አይቼዋለሁ፤ አላወጣሁትም።

ፍስሐ