እጅ አይጠየቅም

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2፣ 2001 ዓ.ም.

ፎቶኮፒው ዛሬም ወረቀት ጎርሶ ቀረ። ባነሩ ከጅማ አልደረሰም። አዳራሹ ተጠርጓል፣ መብራት ግን የለም።

ሰኞ እንግዶች ይገባሉ። ከኬንያ፣ ከሱዳን፣ ከሌላም። በመንግሥትና በታጣቂ፣ በአገርና በአገር መካከል ገብተው ያስታረቁ ሰዎች ናቸው። ቦንጋ ላይ ተቀምጠው ያዩትን ይለዋወጣሉ፣ የእኛንም ሽማግሌዎች ይሰማሉ ተብሏል። አስተርጓሚዋ እኔ። ቃለ ጉባኤ ያዥ እኔ። ሻዩን የማዝዘውም እኔ። ደብተሬ ሆይ፣ ደመወዜ ግን የአንድ ሰው ነው።

አቶ መኮንን፣ የጽ/ቤታችን ኃላፊ፣ አንድ «ምርጥ ተሞክሮ» በአንድ ገጽ ተቀምሮ ይቅረብ አለኝ። ቅጽም ሰጠኝ። የግጭቱ መንስኤ፣ አጥፊ፣ ተበዳይ፣ የተወሰደ እርምጃ።

የማር ዛፉን ጉዳይ መረጥኩ። ላንተ ነግሬህ አላውቅም። ጌሻ ወረዳ ውስጥ፣ ከደካ ከተማ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ሁለት ቤቶች ቀፎ በሚሰቀልበት አንድ ዛፍ ተጣሉ። ሰው ሞተ። ፍርድ ቤት ማስረጃ አጥቶ መዝገቡን ዘጋ፣ ቂሙ ግን አልተዘጋም። በመጨረሻ ያስታረቋቸው ጋሽ ወልዴ ናቸው፣ የአባቴ የልብ ጓደኛ። እርቁ አራት ዓመት ሞላው። ዛሬ ሁለቱ ቤቶች ከዚያው ዛፍ ማር አብረው ይቆርጣሉ።

አምና ለአባቴ ተዝካር መጥተው ብቻችንን ስንጨዋወት፣ ሟቹን የመታው ከአጥፊው ቤት ታናሽየው ወንድም እንደሆነ አጫወቱኝ። እንደ ልጃቸው ቆጥረውኝ።

ቅጹ «አጥፊ» ብሎ ክፍት ቦታ ትቷል። ክፍት ቦታ አልወድም። «ታናሽ ወንድም» ብዬ ሞላሁ። የሁለቱን ቤት ሰዎች ስም በሙሉ ቀየርኩ። ብልህ ነኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

አቶ መኮንን አነበበው። ፈገግ አለ፣ ቀኑ ይመዝገብልኝ። ሳይንሳዊ ነው አለ። በአማርኛም በእንግሊዝኛም ተባዝቶ ትናንት ከጥሪ ደብዳቤው ጋር ለየወረዳው ሄዷል።

ለጋሽ ወልዴ ላነብላቸው አስቤ ነበር። ማንበብ አይችሉም። ጊዜም የለም። ደግሞ ስማቸው የተነሳው በክብር ነው፣ ምን ይከፋቸዋል?

ይህን ጥያቄ ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም። ደክሞኛል።

ሰኞ፣ ኅዳር 8፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

በተራ ልጻፈው።

ጠዋቱ ጥሩ ነበር። ወ/ሮ ግሬስ የሚባሉ ኬንያዊት፣ ጡረታ የወጡ ዳኛ፣ መጀመሪያ ተናገሩ። ሁለት ታጣቂ ወገኖችን ለማስታረቅ አንድ የድንበር ከተማ ሆቴል ውስጥ ወራት ተቀምጠዋል። ሊስማሙ ሲሉ እሳቸው ለአንድ ጋዜጠኛ አንዲት ነገር አመለጣቸው። ድርድሩ ፈረሰ። በማግስቱ መንገድ ላይ ሰው ተገደለ። የአስታራቂ ሀብቱ ያልተናገረው ነው አሉ። አሳምሬ ተረጎምኩ። ስተረጉም ለሌላ ሰው የሚነገር መስሎኝ ነበር።

ከሻይ በኋላ ጋሽ ወልዴ ተነሱ። የማር ዛፉን እርቅ ተናገሩ፣ ማንንም ሳይጠሩ። አንድ ሱዳናዊ እንግዳ አጥፊውን እንዴት ለያችሁት ብለው ጠየቁ። ጋሽ ወልዴ ሳቁ።

«አልለየንም። ቤት አጠፋ፣ ቤት ካሰ። እጅ አይጠየቅም። እጅ ከተጠየቀ፣ የሟች ልጅ ሲያድግ ያንን እጅ ይፈልጋል። ስለዚህ እኛ ሽማግሌዎቹ ማልን። ያወቀ ቢኖር ከሆዱ አይወጣም።»

ይህን ተረጎምኩ። በገዛ አፌ። ግማሽ ላይ ስደርስ የሞላሁት ቅጽ ትዝ አለኝ።

ወረቀት ሲገለጥ ሰማሁ። ሱዳናዊው የኔን ገጽ ይዘዋል። እዚህ ላይ ግን ታናሽ ወንድም ይላል፣ ይህንን ጠይቂልኝ አሉኝ። ጋሽ ወልዴ አፍ አፌን ያያሉ። ምን አሉ? አሉኝ በአገራችን ቋንቋ በካፊኖኖ።

እንግዳው ያመሰግንዎታል፣ ዕድሜ ይስጥዎት ይላል አልኳቸው።

እጃቸውን ዘርግተው መረቁት። እንግሊዝኛም ካፊኖኖም የሚሰማ ሁሉ ቀና ብሎ አየኝ። አቶ መኮንን ሰዓቱን አየ። ለሱዳናዊው በኋላ እንነጋገርበታለን አልኳቸው። አስተርጓሚ ነኝ፣ በመቶ ሰው ፊት ዋሸሁ።

ይህ ሁሉ አልበቃም። ምሳ ላይ መ/ር ታደሰ፣ ከደካ የተወከለው፣ ደስ ብሎት መጣ። ቅዳሜ በቀበሌው ስብሰባ ወረቀቱን ጮክ ብሎ አንብቦታል። ለአካባቢያችን ኩራት ነው ብሎ። ስሙ ቢቀየርም ዛፉን ሁሉም ለየው አለኝ እየሳቀ። የሟቹ ልጅ ነበረ ወይ አልኩት። ነበረ። ሳያጨበጭብ ተነስቶ ወጣ። መ/ር ታደሰ ልጁ አባቱ ትዝ ብሎት ነው ብሎ አዘነለት።

ክፉ ሰው አይደለም። እኔም ክፉ አይደለሁም። ሁለት ክፉ ያልሆኑ ሰዎች እንዲህ ሠራን።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ጠዋት ለአቶ መኮንን ነገርኩት። የእርማት ደብዳቤ እናውጣ አለ። «አጥፊ» የሚለው ተሰርዞ «ጉዳዩ የሚመለከተው አካል» ይባል። ሊያስቀኝ ነበር፣ እንባዬ ቀደመ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ይኼ ደግሞ ማኅተም ያለበት ነው።

ደካ ስልክ ሞከርኩ። በአራተኛው የቀበሌው ሰዎች አነሱ። ታናሽየው ሚስቱንና ልጆቹን ጥሎ ቢታ ገነት ዘመድ ቤት ሄዷል። የሟቹ ልጅ ቀፎ ልሰቅል ብሎ ጫካ ገብቷል። ቀፎ ሳይዝ።

ቀፎ ሳይዝ። ደጋግሜ ጠየቅኋቸው።

ወ/ሮ ግሬስን ቁርስ ላይ አገኘኋቸው፣ ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። ያጽናኑኛል ብዬ ነበር። ሽማግሌው ያውቃሉ? አሉኝ። አያውቁም። ታዲያ እኔ ዘንድ ምን ትሠሪያለሽ? አሉኝ። ደግ ሴት ናቸው፣ ግን ዳኛ ናቸው።

ጋሽ ወልዴን ያረፉበት ግቢ አገኘኋቸው። ከዱላቸው ጫፍ ጭቃ ይፍቃሉ። ነገርኳቸው። ቅጹን፣ ስብሰባውን፣ ትናንት የዋሸኋቸውንም። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢቆጡኝ በወደድኩ።

«አንቺ የሰማሽውን ጻፍሽ» አሉ። «አፉን የከፈተ እኔ ነኝ።»

ከዚያ ቀስ ብለው አስረዱኝ። ምሎ ያፈረሰ ሰው ሁለተኛ ለሽምግልና አይቀመጥም። ነገ ደካ ይሄዳሉ፣ እንደ አስታራቂ ግን አይደለም። መሬት ላይ፣ ይቅርታ ከሚለምኑት ወገን ይቀመጣሉ። ዳኝነቱን ሌላ ሽማግሌ ይይዘዋል። እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ሲያስታርቁ የኖሩ ሰው። በአንዲት ክፍት ቦታ።

ወረቀቱን ማን ጻፈው ቢሉዎትስ አልኳቸው። ትምህርት እንደማይገባው ልጅ አዩኝ። እጅ አይጠየቅም አሉ። ከእኛ ከሽማግሌዎቹ ቤት ወጣ ብለው እሳቸው ሊያልፉት ነው።

እፎይ አልኩ። ደብተሬ፣ ይህን ላንተ ካልጻፍኩ ለማን እጽፋለሁ? እፎይ አልኩ። ሰውየው ስማቸውን ሲያጡ እኔ ስሜ ስለተረፈ ደስ አለኝ። ቤቴ እስክገባ ድረስ ደስታው አብሮኝ ነበር። በር ላይ ለቀቀኝ። አሁን ራሴን ማየት አስጠልቶኛል።

ማታ፣ 1 ሰዓት

ተመልሼ ሄጄ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ለመጠየቅ። እጁ ራሱ ልናገር ቢልስ? ብዬ።

በእርቁ ጊዜ ታናሽየው እያለቀሰ መጥቶ ልናገር ብሏቸው እንደነበር አጫወቱኝ። ዝም በል፣ አባቱን ያጣ ልጅ ይሰማል ብለው መለሱት። ዛሬም ያንን አይጸጸቱበትም።

«አይጠየቅም ነው ያልነው፣ ልጄ። አይናገር አላልንም። የሱ እጅ ላይ ደም አለ፣ ለዚህ ከለከልኩት። ያንቺ እጅ ላይ ገና የለም።»

ገና። ከዚያ ወዲህ የምሰማው ይህችን ቃል ብቻ ነው።

ለአቶ መኮንን ነገ ደካ እሄዳለሁ አልኩት። ነገ መዝጊያው ነው፣ የአቋም መግለጫውን የምተረጉመው እኔ ነኝ። ከሄድሽ እዚህ ወንበር ላይ አትመለሽም አለ። የተናገረውን የሚያደርግ ሰው ነው። ወ/ሮ ግሬስ ሳልጠይቃቸው በየጠረጴዛው ዞረው ገጼን ከእንግዶቹ ሁሉ ሰብስበዋል። በፌስታል አድርገው ሰጡኝ። ጓሮ ወስጄ አቃጠልኩት። የደካውን ማን ያቃጥለዋል? እሱ ሰው ጆሮ ውስጥ ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10፣ ንጋት 12 ሰዓት

መናኸሪያ። ጉም። ጭነት እስኪጫን የምጽፈው በጉልበቴ ላይ ነው፣ ፊደሌን ይቅር በለኝ።

መ/ር ታደሰም መጥቷል። ያነበበው ምን እንዳደረገ ትናንት ማታ ገብቶታል። ዳቦ ገዝቶ ሰጠኝ።

አዳራሹ ውስጥ ዛሬ ምን ትምህርት አገኛችሁ ተብለው እንግዶቹ ተራ በተራ ይናገራሉ። ቃለ ጉባኤው ላይ የኔ አይኖርም። የኔ ይኸው ነው። ሰው አመነኝ፣ እኔ ቅጽ ሞላሁ። ይህን ነው ደካ ላይ፣ በዚያ ልጅ ፊት፣ በስሜ የምናገረው። ከጫካ ከተመለሰ። ካልቀደመን።

እፈራለሁ። እንደዚህ ፈርቼ አላውቅም።

ረዳቱ ደካ፣ ደካ ይላል። ጋሽ ወልዴን ሾፌሩ አውቋቸው ጋቢና ይግቡ ብሎ ለመናቸው፣ እምቢ አሉ። ዛሬ የክብር ቦታ አይገባኝም አሉት። ከኋላ፣ ከጆንያው አጠገብ ተቀምጠዋል። ዱላቸውን አጠገባቸው ባለው ክፍት ቦታ ላይ አጋድመውት ነበር፣ አሁን አነሱት።

ልሞላው ነው።