ቀድሞ የወደቀው መቅዘፊያ

ለእህቴ ለዓለምጌጥ፣

ከሮውሌት ሐይቅ ዳር ተነስቶ አርባ ምንጭ ድረስ ሳይደክም የሚገባ ሰላምታ ልኬልሻለሁ። እንደምን ሰንብተሻል? ዳገቱን ስትወጪ የሚንቋቋው ጉልበትሽ ተሻለው ወይስ አሁንም መምጣትሽን ከሩቅ ያሰማልሻል? እማዬስ እንዴት ናት? ጆሮዋ ደከመ ብለሽኝ ነበር፤ እኔ ግን ስለ እሷ ከተወራ ከሁለት ክፍል ወዲያ እንደምትሰማ አውቃለሁ። ባለቤትሽ ግዛቸው ደህና ነው? ልጅሽ ናኦድስ? ድምፁ ጎርንኖ ባለፈው ስልኩን ሲያነሳ አባቱ መስሎኝ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስለ መኪና ባትሪ አወራሁት። እሱም «እሺ፣ እሺ» እያለ ጨረሰኝ። ወደ እኔ ነው የወጣው።

እኛ እዚህ በጌታ ቸርነት አለን። እኔ ኤርፖርት የሰው ሻንጣ እየጫንኩ ነው፤ ወገቤ ቅሬታ ቢያቀርብም ሰሚ አላገኘም። ልጅሽ ሮሆቦትም ደህና ናት። «ደህና ናት» የሚለውን ስጽፍ እጄ ትንሽ ዘገየ። ለምን እንደዘገየ ልነግርሽ ነው ይህን ሁሉ ወረቀት ያወጣሁት።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትይ አውቃለሁ። እኔ ስደውል ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገሽ ጠረጴዛ ላይ ታኖሪዋለሽ፤ እማዬ ትሰማለች፣ ግዛቸው ይሰማል፣ ወተት ልታደርስ የመጣችው ጎረቤት ሳይቀር ሰላም ትለኛለች። ይህ ግን የአንድ ሰው ጆሮ ብቻ የሚፈልግ ነገር ነው። ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ ገመቹ ይባላል፤ ቤድፎርድ ከሚባል ከተማ እየነዳ እኛ ቤተ ክርስቲያን የሚመጣ፣ አፉን የሚጠብቅ ሰው ነው። ነገ ሰኞ ይበራል፤ ለወንድሙ ሠርግ እናንተው ከተማ ስለሚመጣ ረቡዕ በእጅሽ ያስገባዋል። እዚህ መስመር ላይ ከደረስሽ ወደ ጓዳ ግቢና በሩን ዝጊ።

መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናገር። ሮሆቦት ቅዳሜ ቅዳሜ የት ትሄዳለች ስትይኝ «የመዘምራን ልምምድ» እልሽ ነበር። ውሸት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ውሃ ላይ ናት።

እንዲህ ሆነ። እንደመጣች ሰሞን፣ የዲቪ ወረቀቷ ገና ሳይደርቅ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች ሐይቅ ዳር ወዳለው ፓርክ ወጡ። እዚያ ለወጣቶች በነፃ የሚያስተምሩት ነገር አለ፤ ከሰው ቁመት የምትረዝም ጠፍጣፋ ቦርድ ላይ ትቆሚና በአንድ ረጅም መቅዘፊያ ግራ ቀኝ እያልሽ ትሄጃለሽ። የኛ ልጆች በየተራ እየወጡ በየተራ ወደቁ። እኔም ሞከርኩ፤ የእኔን አወዳደቅ ዛሬም በስልክ የሚቀባበሉት አሉ። ሮሆቦት ግን ወጣች፣ ቆመች፣ ሄደች። አሰልጣኙ አሌክስ «የት ነው የተማረችው?» ብሎ ጠየቀኝ። ምን ልበለው? የጫሞ ዓሣ አስጋሪዎች ታንኳቸው ላይ ቆመው በዘንግ ሲገፉ ከሩቅ እያየች አድጋለች፤ ከሩቅ፣ ምክንያቱም እማዬ ከእኛ ቤት ማንም እግሩን ውሃ እንዳያስነካ ከልክላለች። እኔ ያን ክልከላ አውቄ ዝም አልኩ። ልጅቱ ስትስቅ አይቼ ዝም አልኩ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ አደገ። አዲሰን ከተማ ካለው ምግብ ቤት ሥራዋ ስትወጣ በቀጥታ ሐይቅ ነው። አሁን ትንንሾቹን ልጆች የምታስተምረው እሷ ናት፤ «ጉልበታችሁን እጠፉ፣ ዓይናችሁን ከእግራችሁ አንሱ» ስትላቸው እማዬን ቁርጥ ትመስላለች። ዘንድሮ ደግሞ ረጅም ርቀት ውድድር ገባች። የሚመጣው ቅዳሜ፣ ግንቦት ሠላሳ፣ ጋልቨስተን በሚባለው የባሕር ዳር ከተማ አካባቢ፣ ዳርቻውን ተከትላ ወደ አርባ ኪሎ ሜትር ልትቀዝፍ ነው። ስድስት ሰዓት ያህል ቆማ፤ ሐይቅ ሳይሆን ባሕር ላይ። አጃቢ ጀልባ አለ ይላሉ፤ ግን ለስንት ሰው አንድ እንደሆነ ስጠይቅ አሌክስ ወሬ ቀየረ።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ።

የዛሬ ሦስት ሳምንት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ተጣጣፊ ወንበሬን ሐይቁ ዳር ዘርግቼ ቆሎ እየቆረጠምኩ እመለከታት ነበር። ነፋስ የለም። ውሃው ጠፍጣፋ፣ ዝም ያለ። ማዶ የሚያልፉ መኪኖች ድምፅ እንኳ አይሰማም ነበር። ሮሆቦት ከዳር ሁለት መቶ ሜትር ያህል ርቃ እየቀዘፈች ነበር። ድንገት እጇ ቆመ። ከዚያ መቅዘፊያው ከእጇ ወደቀ። ከዚያ፣ አንድ ሁለት ብለሽ ለመቁጠር የሚበቃ ጊዜ ቆይቶ፣ እሷ ተከተለችው። እጇን አልዘረጋችም። አልጮኸችም። የተንጠለጠለ ልብስ ከገመዱ ላይ እንደሚወድቅ ወደቀች።

ቆሎዬን ጥዬ ተነሳሁ። የለበሰችው ላይፍ ጃኬት በጀርባዋ አንሳፈፋት። አሌክስ ደርሶ ሲይዛት ነቃች፤ ወደ ዳር ሲያመጣት እየሳቀች ነበር። «ጋሼ፣ ተንሸራተትኩ፤ አንተ ግን ነጭ ሆነሃል፤ ዜግነት ሰጡህ እንዴ?» አለችኝ። እዚህ አገር ከገባች ወዲህ አንቱታው ቀርቷል። ሳቅኩላት። ግን ዓለምጌጥ፣ እኔ ስንት ጊዜ ከዚያ ቦርድ ላይ ተንሸራትቻለሁ። የተንሸራተተ ሰው የያዘውን አጥብቆ ይጨብጣል። መቅዘፊያው ቀድሞ አይወድቅም።

ያን ቀን ከሰዓት መኪና ውስጥ ሆኜ ትዝ ያለኝ ፎርሙ ነው። መጋቢት ላይ ለውድድሩ ስትመዘገብ የጤና ፎርም መጣ። ኩሽና ተቀምጣ እየሞላች «ጋሼ፣ ከዘመዶቻችን መካከል በወጣትነቱ ድንገት የሞተ ወይም ራሱን እየሳተ የሚወድቅ አለ ወይ ይላል» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም እንደ ልማዴ «ከእኛ ቤት ድንገት የሞተ አንድ በግ ብቻ ነው፤ እሱም ፋሲካ ስለደረሰ ነው» አልኳት። ሳቀችና «የለም» የሚለው ላይ ምልክት አደረገች። ክሊኒክ ስትሄድ ሐኪሙ ያንን «የለም» አይቶ፣ ደረቷን አዳምጦ፣ ደህና ነሽ ብሎ ፈረመላት።

ያቺ «የለም» ከእኔ አፍ ነው የወጣችው። ሞገስን እያወቅኩ።

ታላቅ ወንድማችን ሞገስ ሲሞት እኔ ሻሸመኔ ትምህርት ቤት ነበርኩ። ስደርስ ተቀብሮ ነበር። «ውሃው ወሰደው» አሉኝ፤ አንዳንዱ አዞ አለ፣ አንዳንዱ ማዕበል። ሬሳውን የገነዙት ሽማግሌ ግን ለብቻዬ ወስደው፣ ገላው ላይ ጭረት እንዳልነበረ፣ ሆዱም ውሃ እንዳልያዘ ነገሩኝ። እማዬን ስጠይቃት አፌን በእጇ ያዘችው። «የሚጥል በሽታ በዘራቸው አለ ከተባለ እህትህን ማን ያገባታል? ውሃው ወሰደው፤ አለቀ» አለችኝ። የሃያ ሁለት ዓመት ልጇን ገና በቀበረች በማግስቱ ነው ይህን ያለችው። አልፈረድኩባትም። አንቺም አገባሽ፣ ልጆችም ወለድሽ፣ እኛም ሠላሳ ዓመት ውሃን ስንወቅስ ኖርን። ያ ሁሉ ዓመት ጥፋተኛው ጫሞ ባይሆንስ?

በዚያ ቀን ዳር ላይ የነበርሽው አንቺ ብቻ ነሽ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርሽ፤ ዓሣ የምታስገቢበትን ቅርጫት ይዘሽ ትጠብቂው ነበር። ያየሽውን አንድም ቀን ተናግረሽ አታውቂም፤ እኛም አልጠየቅንሽም። ዛሬ ልጠይቅሽ ነው። ሞገስ ታንኳው ላይ ቆሞ ሳለ መጀመሪያ የወደቀው ማን ነው? እሱ ነው ወይስ ዘንጉ?

ሌላም ልጨምር። የዛሬ ስምንት ዓመት የመዝሙር ምሽት ላይ ማይኩ ድንገት ሲጮህ ወደቅሽ። ጾም ጸሎት ላይ ስለነበርሽ ነው ተባለ። እውነት ጾሙ ነበር?

እኔ ሐኪም አይደለሁም። እንግሊዝኛን ከጎማ ካታሎግ፣ ቧንቧን ከስልክ ቪዲዮ የተማርኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ ስለ እንዲህ ዓይነት አወዳደቅ ስልክ ላይ ያነበብኩትን ይዤ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ነርስ ወደሆነችው ፀዳለ ሄድኩ። ፀዳለ አልሳቀችም። ሲያዳምጡት ጤነኛ የሚመስል፣ ግን ድንገት ምቱን የሚስት ልብ አለ አለችኝ፤ በድካም፣ በድንጋጤ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ይነሳል፣ ከወላጅ ወደ ልጅ ይሄዳል። ምርመራ አለው፣ መድኃኒትም አለው። «ግን ሳትመረመር ባሕር እንዳትገባ» አለችኝ። ክሊኒኩ ደወልኩ፤ ልጅቱ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ራሷ ትምጣ አሉኝ።

ነገርኳት፤ አላመነችኝም። ምክንያቱን ስጽፍልሽ አፍራለሁ። አምና ፀዳለን አሳምኜ ከጤና ቢሮ እንደምትደውል ሆና፣ ከሐይቅ ዳር አገር የመጣ ሰው ሁሉ ሦስት ቀን የጨው ውሃ መጠጣት አለበት ብላ እንድትነግራት አድርጌ ነበር። ልጅሽ ሁለት ብርጭቆ ጠጣች፤ እኔ ከበሩ ኋላ ሳቄን አፍኜ ልሞት ነበር። አሁን ከፀዳለ ጋር ሆነን ፊቷ ተቀምጠን ስለ ሞገስ ስነግራት፣ ሁለታችንን አየት አደረገችና «የጨው ውሃውን አምጡታ» አለች። ደግሜ፣ ምዬ ነገርኳት። «ጋሼ፣ አጎቴን አዞ እንደበላው እናቴ ራሷ ናት የነገረችኝ፤ በሞተ ሰው አትቀልድ» ብላ ተቆጥታኝ ወጣች። ዕድሜዬን ሙሉ ሰውን ሳስቅ ኖሬ አንዲት ቁም ነገር ስናገር የሚሰማኝ ጠፋ።

የቀረኝ ዘዴ የልጅ ዘዴ ነው፤ መቅዘፊያዋን ደበቅኩት። ከትናንት ጀምሮ ቤቱን እያመሰች፣ እየሳቀች ትፈልጋለች። ዓርብ ከሰዓት ከቡድኑ ጋር ወደ ባሕሩ ትነሳለች።

እንግዲህ እህቴ፣ የምለምንሽ ይኸው ነው። ረቡዕ ይህን እንዳነበብሽ ለእሷ ደውይ። ለእኔ አይደለም፤ ለእሷ። ያየሽውን በራስሽ አፍ ንገሪያት። የአንቺን ድምፅ ቀልድ ነው አትልም። መናገር ካቃተሽ ደግሞ እኔ ስልክ ላይ ሚስድ ኮል አድርጊ፤ ሞገስ ዘንጉን እንደያዘ ከወደቀ ሁለቴ፣ ዘንጉ ቀድሞ ከወደቀ አንዴ። አንዴ ከጠራ ሥራ ቀርቼ መንገድ ላይ እተኛባታለሁ። እማዬ ትቆጣለች፣ ግዛቸውም ለምን ተደበቀኝ ይላል። ይቆጡ። የተቆጣ ሰው ይታረቃል።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ምን ጻፈ ካለችሽ «ናፍቆኛል ይላል» በያት፣ እሱም እውነት ነው። ግዛቸውን ያ ባትሪ አሁንም አልተቀየረም ወይ በይልኝ። የጎረቤቷን ወተት አመስግኝልኝ። ናኦድን ግንባሩን ሳሚልኝ፤ ከጓደኞቹ ጋር ሐይቅ መውረድ ጀምሯል ብለሽኝ ነበር፤ መልስሽ እስኪደርሰኝ ድረስ እንዳይወርድ ከልክይው። ኳስም ቢሆን ይቆይ። አንቺም ራስሽ ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ የወደቅሽበትን ቀን ሳትደብቂ ተናገሪ።

ጌታ ሁላችሁንም በእጁ ይያዝልኝ።

ወንድምሽ መንገሻ
ሮውሌት፣ ቴክሳስ
እሑድ፣ ግንቦት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፖስታውን ልለጥፍ ስል የጨመርኩት፦ ሮሆቦት መቅዘፊያውን ከውሃ ማሞቂያው ጀርባ አገኘችው። አሁን በሩ ላይ እንደ ዘብ አቁማው እየሳቀችብኝ ነው። «አረጀህ ጋሼ፤ ድሮ እንዲህ በቀላሉ አትያዝም ነበር» አለችኝ። አብሬያት ሳቅኩ። ደውዪላት።