ሁለት ካውያ፣ አንድ ካርቶን

ጥር 4

ውሃ ማፍያዬ አረፈ። ዕድሜውን ጠግቦ ነው፣ አልከፋኝም። የከፋኝ አዲስ ለመግዛት ስል ስልኬ ላይ የሰው አስተያየት ማንበቤ ነው። ጠዋቴ እዚያ ላይ አለቀ።

አንዱ፦ «ገና አልሞከርኩትም፣ ግን ሲያዩት ያምራል።» አምስት ኮከብ። አንዷ፦ «ያደረሰው ልጅ ሰላምታ አያውቅም።» አንድ ኮከብ። ሌላዋ ደግሞ፦ «ለአማቴ ነው የገዛሁት፣ እስካሁን ምንም አላለችም።» ሦስት ኮከብ። ለማፍያው ነው ወይስ ለአማቲቱ?

እጀታው ይግላል? ውሃው ሲያልቅ ራሱን ያጠፋል? ክዳኑ በአንድ እጅ ይከፈታል? ይህ ሁሉ ሕዝብ ሲንጫጫ ይህን የነገረኝ አንድ ሰው የለም።

ሸማች ተጭበርብሮ እንዳይገዛ የቤት ዕቃ እየፈተሸ የሚጽፍ መጽሔት ነበረን። እኔ መሞከሪያ ክፍሉ ውስጥ ነው ያረጀሁት። አለቃችን «በጣም» የሚለውን ቃል ባየ ቁጥር በቀይ ይሰርዘው ነበር። «በጣም ማለት ስንት ነው?» ይላል፣ ከመነጽሩ በላይ እያየ። ዛሬ ቢኖር ቀይ ቀለም ከየት ያመጣ ነበር...

ጥር 6

የልጄ ልጅ መጣች። ሥራዋ በቪዲዮ ዕቃ ማሞገስ ነው። «ሪቪው» ትለዋለች። ብዙ ሺህ ሰው ይከተላታል፤ አባቷ ይህን ሲናገር ደረቱ ይነፋል።

ከምሳ በኋላ አዲሱን አሳየችኝ። ስለ አንድ ካውያ ነው። ካርቶኑን ትከፍታለች፣ «ዋው» ትላለች። ቀድሞ የተተኮሰ ሸሚዝ እጅጌ ላይ ካውያውን አንዴ ታንሸራትታለች። ዘፈን ይገባል። «ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ግዙት!» አለቀ።

«መቼ ነው የደረሰሽ?»

«ባለፈው ሳምንት።»

«ቪዲዮውን መቼ ቀረጽሽው?»

«የዚያኑ ዕለት ነዋ፣ እማማ።»

«የገዛሽው ነው?»

«ካምፓኒው ላከልኝ።»

«እንግዲያው ምስጋና በይው። ሪቪው አትበይው።»

ሳቀች። ሳቋ ደስ ይላል፣ እሱ ነው የሚያናድደኝ። «እማማ ደግሞ! የእናንተ መጽሔት ወጥቶ እስኪነበብ ዕቃው ራሱ ከገበያ ይጠፋ ነበር አሉ። አባዬ ነው የነገረኝ።»

ዋሸ አልልም። እንደዚያም ሆኗል። ቀርፋፋ ነበርን። መጽሔቱም ደረቅ ነበር፣ ሰንጠረዥ በሰንጠረዥ። ግን ደረቅ ጽሑፍ አንብቦ እጁ የተቃጠለ ሰው አላውቅም።

ስትሄድ ካውያውን ከነካርቶኑ ትታልኝ ሄደች። «ላንቺ ይሁን። ያንቺ ካውያ ሙዚየም ነው የሚገባ።»

ጥር 7

ካርቶኑ ሳልነካው ጠረጴዛ ላይ አደረ። እጄ እምቢ አለኝ። እኛ ጋ ፋብሪካ የላከው ዕቃ በሩን አያልፍም ነበር። ታይፒስታችን ዘንቢሏን አንጠልጥላ እንደማንኛዋም የቤት እመቤት ሱቅ ትገባለች፣ ዋጋ ትከራከራለች፣ ገዝታ ተሸክማ ትመጣለች። ፋብሪካ ለፈታሽ ሲልክ መርጦ፣ ወልውሎ ነው። ፎቶ የሚነሳ ሰው ፀጉሩን ሳያበጥር ይቀመጣል?

ስማችን አይወጣም፣ ፊታችንን የሚያውቅ አልነበረም። አሁን ፊት ነው መሐል ላይ የሚቀመጠው። ዕቃው ጥግ ይዟል።

ጥር 9

ቀሚሴን ላስጠብብ ምድር ቤት ወዳለችው ልብስ ሰፊ ወረድኩ። መተኮሻዋ ላይ ያው ካውያ ቆሟል!

«የእርስዎ ልጅ ስላለች እኮ ነው፣ እትዬ። ዓይኔን ጨፍኜ ገዛሁት።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ግን እጄ ሳይከብድ አልቀረም» ብላ የደንበኛ ሸሚዝ አሳየችኝ። ኮሌታው ቢጫ ሆኗል። ምስኪን፣ ራሷን ነው የምትወቅሰው። ካውያውን አነሳሁት። ቀለለኝ። ለቀትር ብቻ አውሽኝ ብዬ ይዤው ወጣሁ።

የእኔን ከካርቶኑ አወጣሁት። ያው ስም፣ ያው ቁጥር፣ ያው ቀለም። የወጥ ቤት ሚዛን ላይ ግን የተላከው ይከብዳል። ገመዱም ወፍራም ነው። ሁለቱንም ፈታሁ፤ እጄ አልረሳም። በተላከው ውስጥ ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ኤሌክትሪኩን የሚቆርጥ ትንሽ ፊውዝ አለ። ከሱቅ በተገዛው ውስጥ የፊውዙ ቦታ አለ፣ ፊውዙ የለም። ሁለቱን ጫፍ በተራ ሽቦ አገናኝተውታል። የሙቀት መቆጣጠሪያው አንድ ቀን ቢሰንፍ የሚያስቆመው ነገር የለም ማለት ነው። ኮሌታው እንደሚመሰክረው ደግሞ መስነፍ ጀምሯል።

ለሚያወራው ሰው አንድ ዓይነት፣ ለሚከፍለው ሰው ሌላ ዓይነት። ካርቶኑ አንድ። ሌባ አይቻለሁ፣ እንዲህ ተጠንቅቆ የሚሰርቅ ግን...

ጥር 10

ገጥሜ መለስኩላት። «አትሰኪው» አልኳት። ፊውዙን፣ ሽቦውን፣ ሁሉን አስረዳኋት። በጥሞና ሰማችኝ። ሰምታ ስታበቃ፦

«እትዬ፣ ልጅቷን ያየው ሕዝብ ስንት ነው? ያ ሁሉ ሰው ይሳሳታል?»

«ያ ሁሉ ሰው ያየው ሌላ ካውያ ነው።»

«ካርቶኑ አንድ አይደለ እንዴ?»

«ካርቶን አይተኩስም!»

«አይቆጡኝ። እርስዎ የድሮ ሰው ነዎት፣ አዲስ ነገር ያስፈራዎታል። አይፈረድብዎትም።» ፈገግ ብላ፣ እያባበለችኝ፣ እፊቴ ሰካችው።

ፀጉሬን ካውያ ስፈትሽ ነው ያሸበትኩት። ሙያዬ ይህ ነው! የተላከላትን ካርቶን ከፍታ «ዋው» ያለች ልጅ ታምናለች፣ እኔ እባበላለሁ።

ጥር 11

ለልጅቷ ደወልኩ። ያገኘሁትን ነገርኳት።

«ያን ቪዲዮ አውርጂው። ለምን እንዳወረድሽውም ተናገሪ።»

«እማማ... ውል ፈርሜያለሁ።»

«ምን የሚል?»

«ስለ ዕቃው ክፉ ላልናገር።»

ክፉ ላያይ የፈረመ ፈታሽ! ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ጉድ ሰምቼ አላውቅም። «ስንት ሰው ነው ባንቺ አፍ የገዛው?» አልኳት።

«ሥራዬ እኮ ነው፣ እማማ። የቤት ኪራይ የምከፍልበት።» ድምፅዋ ቀጠነ። ላለቅስ ነው ማለቷ ነበር? አልጠበቅኩም፣ ዘጋሁት።

ጥር 12

አልደወለችም። እኔም አልደወልኩም። ታች የስፌት መኪናው ሲንኳኳ ይሰማኛል። ዝም ሲል ካውያውን እንዳነሳችው አውቃለሁ።

ጥር 13

ነገሩ በዚህች ልጅ አልተጀመረም። እውነቱን ልጻፍ። የእኛው መጽሔት ነው የጀመረው። መጀመሪያ የሳሙና ማስታወቂያ በጀርባ ሽፋን ገባ። «ከሳሙና ፍተሻ ጋር አይገናኝም» ተባልን። ከዚያ ማስታወቂያው ከሳሙናው ሰንጠረዥ ፊት ለፊት ተቀመጠ። ከዚያ ሰንጠረዡ አጠረ። ከዚያ «የዓመቱ ምርጦች» የሚባል መጣ። ምርጥ ተብሎ የማይወጣ ዕቃ ጠፋ፣ ሁሉም በአንድ ነገር ምርጥ ሆነ፦ በቀለም ምርጥ፣ በስጦታነት ምርጥ። አለቃችን ቀይ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ትቶ በጡረታ ወጣ። መሞከሪያ ክፍሉን የፎቶ ማንሻ አደረጉት።

እኔ ግን ያኔ ጮኼ ነበር። ማንም ጆሮ አልሰጠኝም። አሁንም የሚሰማኝ የለም... ልዩነቱ አሁን ሰሚ ያላት ልጅ የእኔው ሥጋ መሆኗ ነው።

ጥር 15

ሳትነግረኝ መጣች። ዓይኗ አብጧል። ብብቷ ሥር ካርቶን ይዛለች።

«ሌላ ሰፈር ሄጄ በራሴ ገዛሁት» አለች። «ያንቺ ልብስ ሰፊ ብልሹ አንድ ደርሷት ይሆናል ብዬ ነው።» እንዲህ ማሰቧን ወደድኩት፣ አልነገርኳትም። መፍቻውን ሰጠኋት። ራሷ ፈታችው። ተራ ሽቦ። ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

«ሞኝ አደረጉኝ፣ እማማ።»

«አንቺን ብቻ ቢሆን ግድ አልነበረኝም።» ጨክኜ ነው የተናገርኩት። አሁንም አልመልሰውም።

ወጥ ቤቱ የሸክላ ወለል ላይ አሮጌ ብርድ ልብስ አጥፈን ዘረጋን። የተላከውንና የሱቁን ገጥመን ጎን ለጎን፣ ፊታቸውን ወደ ታች። ውሃ በባልዲ አስጠጋሁ። ስልኳን አቆመች።

«መጠበቁን እቆርጠዋለሁ፣ ያን ሁሉ ማንም አያይም።»

«መጠበቁ ነው ፍተሻው። አንድም አትቆርጪ።»

ጠበቅን። የተላከው ቀጭ አለ፣ መብራቱ ጠፋ። የሱቁ መብራት በርቶ ቀረ። ብርድ ልብሱ ቢጫ ሆነ፣ ቡናማ ሆነ፣ ጠቆረ። ሲጨስ ሶኬቱን ነቀልኩ። እያሳለች፣ ሳትኳኳል፣ ያየችውን ብቻ ተናገረች። «በጣም» አላለችም።

ማታውኑ ለቀቀችው። ውሉስ? አልኳት። ትከሻዋን ነቀነቀች።

ጥር 17

የሰውን አስተያየት አነበበችልኝ። ቢቀርብኝ ይሻል ነበር።

«የትኛው ካምፓኒ ከፍሏት ነው?» «አሮጊቷን ከየት ነው የተከራየቻት?» «ዘፈን የለውም፣ ደበረኝ።» «ቀድሞ ይህን ሰጥተዋት ነበር፣ ተጣልተው ነው።» አንዱ ደግሞ የወጥ ቤቴ መጋረጃ የት እንደሚገኝ ይጠይቃል።

ድሮ ይህ ዕቃ መጥፎ ነው ብለን ስንጽፍ አንባቢ በደብዳቤ «ምን አገኛችሁ?» ብሎ ይጠይቀን ነበር። አሁን የሚጠይቀው «ማን ከፈላችሁ?» ነው። ሰው ሳይከፈለው እውነት ይናገራል ብሎ የሚያስብ አልቀረም። ከካውያው የባሰ ያንገሸገሸኝ ይህ ነው። ውሸታሞቹ የሸጡት ካውያ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ጥር 18

ከቀትር በኋላ ጭስ ሸተተኝ። ከታች ነው። እንደምንም ደረጃውን ወረድኩ። ልብስ ሰፊዋ ካውያውን ቡትቶ ላይ ትታው ደንበኛ ስትለካ ዘንግታዋለች። ክፍሉ በጭስ ታፍኗል፣ ጨርቁ ከሰል መስሏል። ሶኬቱን ነቀልኩ፣ መስኮት ከፈትኩ። እሷ ጥግ ቆማለች።

«እትዬ... እትዬ...»

አልተሳደብኩም። ሊያመልጠኝ ነበር ግን። የድሮውን ካውያዬን አወረድኩላት፣ ሙዚየም የሚገባውን።

ጥር 21

የልጄ ልጅ ገጽ ተዘጋ። ካውያውን የላከላት አከፋፋይ ስሜ ጠፋ ብሎ ከስሶ ነው አሉ። የቀደመው የሙገሳ ቪዲዮ ግን በራሱ በአከፋፋዩ ገጽ ላይ አለ፣ ከነሳቋ። እውነቱን ደመሰሱ፣ ውሸቱን አስቀሩ።

ቀደም ብሎ አንድ ሰው ደውሎልኝ ነበር፣ ማር የሚያንጠባጥብ ድምፅ። «እማማ፣ ፊትዎን ሕዝብ ወዶታል። በአዲሱ ምርታችን ላይ የአያት ምርቃት ቢሉልን...» ስልኩን ዘግቼ ጆሮዬን ታጠብኩ። በሳሙና።

ልጅቷ ወጥ ቤቴ ወንበር ላይ ተኮራምታ፦ «ስትጠይው የኖርሽ ገጽ አይደል፣ እማማ? ደስ ይበልሽ።»

«እጠላዋለሁ» አልኳት። «ግን እውነት በተናገረ ማግሥት አይደለም የሚዘጋው።»

ከመጣች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። ደሜ ፈልቶ ነበር። ስለዚያ ገጽ ደሜ ይፈላል ብሎ የነገረኝ ቢኖር ኖሮ...

ጥር 25

ልጅቷ ሥራ ልትጠይቅ ወጥታለች። እኔ ዳቦ ገዝቼ ስመለስ ልብስ ሰፊዋ በር ላይ ሴቶች ተሰብስበዋል። ከሰል የመሰለውን ቡትቶ በሩ ላይ ቸንክራዋለች። ካውያው ከጎኑ በገመዱ ተንጠልጥሏል፣ እንደ ተሰቀለ ወንጀለኛ።

«እሳቱ እስከ ጣሪያ!» ትላለች፣ እጆቿን ወደ ላይ እየወረወረች። «ነበልባል በነበልባል! መጋረጃውን ሲልሰው ባይኔ አየሁ! እትዬ ባይደርሱልኝ ዛሬ አመድ ነኝ!»

መጋረጃው ከኋላዋ እንደተሰቀለ ነው፣ ደህና።

ጠጋ ብዬ በጆሮዋ፦ «ነበልባል መቼ ነበር? ጭስ ነው የነበረው።»

«እትዬ ይሙቱ! በጭስ ማን ይደነግጣል?» አለችኝ፣ እሷም በጆሮዬ። «ልጅቷ ጭሱን አሳየች፣ ማን ሰማት?»

አንዷ ሴት ስልኳን አውጥታ ትጮሃለች፦ «ንቀይው! የምትተኩሽበትን! አዎ አሁን፣ ኋላ አይደለም!» ሌላዋ ወደ ቤቷ መሮጥ ጀምራለች። ቀይ ሻርፕ ያደረገችው ወደ እኔ ዞረች። «እማማ፣ እርስዎ አይተዋል አይደል? እውነት እሳት ነበር?»

ሁሉም አዩኝ። ዕድሜዬን በሙሉ ለዚህ ጥያቄ አንድ መልስ ብቻ ነበረኝ። አለቃችን ከመነጽሩ በላይ ሲያየኝ ታወቀኝ።

«ንቀሉት» አልኩ። «ያላችሁ ሁሉ ንቀሉት።»

አዎ አላልኩም። አይደለም አላልኩም። ዳቦዬን ይዤ ደረጃውን ወጣሁ። ከኋላዬ «ሰማችሁ?» ስትል ሰማኋት፣ ድምፅዋ ከበፊቱ ከፍ ብሎ። ራሴን ተጸየፍኩት። ተመልሼ ግን አልወረድኩም።

እዚህ ማንም አያነበውም፣ እዚህ ይስፈር፦ ነበልባል አልነበረም። ጭስ ብቻ ነበር።