ያልላክሁልሽ የእጅጌ ልክ

ይድረስ ለልጅ ልጄ፣ ለመርፌዋ፤

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ፣ እንቅልፍሽ፣ ምግብሽ እንዴት ነው? ቁጣሽስ? እሱ እንኳ ደህና ነው፤ ወረቀቱ እስኪቀደድ ተጭነሽ ነው የጻፍሽው። እኔ ከጉልበቴና ከጆሮዬ በቀር ሙሉ ሰው ነኝ። አያትሽ ግን ጆሮህ የሚሰማው የሚፈልገውን ብቻ ነው ትለኛለች። አልዋሸችም።

የኮቱ እጅጌ አልገጥም ብሎሽ ሦስት ጊዜ እንደተረተርሽው፣ ፈተናው ሁለት ሳምንት እንደቀረው፣ የስፌት ትምህርቱን ትተሽ ለመመለስም እንዳሰብሽ አነበብኩ። «አባባ፣ እርስዎ ልኩን በወረቀት ቆርጠው ይላኩልኝ» ብለሻል። ብልጥ! ዲፕሎማውንስ ለእኔ ነው የሚሰጡኝ?

እውነቱን ልንገርሽ፤ ቆርጬው ነበር። ፖስታውን ካሸግኩት በኋላ ነው መልሼ የቀደድኩት። አያትሽ «ምነው፣ ጃጀህ እንዴ?» አለችኝ። አባትሽ ትዝ ብሎኝ ነው።

አባትሽ በሃያ ዓመቱ ከእኔ ጋር ሱቅ ውስጥ ይሰፋ ነበር። እጁ ከእኔ እጅ ይሻል ነበር፤ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፣ ለእሱም ጭምር። ታዲያ እጅጌ ላይ ሲደርስ ቆም ይላል፣ ያገላብጣል፣ ያስባል። እኔ ደግሞ ደንበኛ ቆሞ ሲጠብቅ እሳት ላይ የተቀመጥኩ ይመስለኛል። «ወዲያ በል፣ አንተ የኤሊ ወንድም!» ብዬ ከእጁ እነጥቀዋለሁ። ደንበኛው ይስቃል፤ እኔም በአምስት ደቂቃ ገጥሜ እኮራለሁ። ውሎ አድሮ ማሰቡንም ተወው፤ ሲቸግረው ጨርቁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ እኔን ማየት ለመደ። በመጨረሻ ሹፌር ሆነ። «መሪውን እንኳ ማንም አይነጥቀኝም» አለኝ እየሳቀ። እኔ ሞኙም አብሬው ሳቅሁ።

እኔን ስፌት ያስተማሩኝ ሽማግሌ ስቸገር ከሥራቸው ቀና አይሉም ነበር። «የት ላይ ነው እምቢ ያለህ?» ብቻ ይላሉ። «አልገጥም አለ» ካልኳቸው ስፌታቸውን ይቀጥላሉ፤ «ከኋላ በኩል፣ ከትከሻው ስፌት ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ ይጨማደዳል» ስላቸው ግን መፍትሔው ተናግሬ ሳልጨርስ ይመጣልኛል። አንቺም ከመተርተርሽ በፊት የተጨማደደበትን በጠመኔ ምልክት አድርጊበት። ስትናደጂ መቀስ አትንኪ፤ ሰቅለሽው ውጪና ጠዋት በብርሃን እዪው። ከዚያ የት ላይ እንደሆነ ጻፊልኝ፤ እመልስልሻለሁ።

ባለፈው እሁድ አባትሽ የጓዳውን በር ማጠፊያ ሲያስተካክል ብሎኑ እምቢ አለው። የሦስት ልጆች አባት፣ ጠጉሩ የሸበተ ሰው፣ መፍቻውን አስቀምጦ ቀና ብሎ አየኝ። ያን ዓይን አውቀዋለሁ፤ የእኔ ሥራ ነው። እጆቼን ኪሴ ከትቼ «የት ላይ ነው እምቢ ያለህ?» አልኩት። «አባባ፣ አመመዎት እንዴ?» አለኝ። ይቅርታ ልለው ብዬ ስለ ዝናብ አወራሁ። ይኸው ሳምንቱን ሙሉ ይቅርታውን ስጀምር «ልጄ» እስከሚለው ቃል እደርሳለሁ፤ እምቢ ያለኝ ከዚያ ወዲያ ያለው ነው።

አያትሽ ጉንጭሽን ትስማለች። አክስትሽና ልጆቿ ናፍቀሻቸዋል። ጎረቤታችን ጫማ ሰፊው መርፌዋ ደህና ናት ወይ ይላል። አባትሽም ሰላም ብሎሻል፤ በሩን ብቻውን ጨርሶታል። ትንሽ ይንጫጫል እንጂ ይዘጋል።

አባባሽ
ከቤት፣ ከስፌት መኪናው አጠገብ
መጋቢት ፱ ቀን