በለቅሶ ተራ የተጠሩ ስሞች

ውድ ሙሴ ኦሬስቴ፣

ከሞትክ ሃምሳ ሁለት ዓመት ሆነህ። በሕይወት ሳለህ «እርስዎ» እልህ ነበር፤ ደመወዝ የምትከፍለኝ አንተ ነበርክና። አሁን እኔ ሰማንያ አራት ዓመቴ ነው፤ አንተ በስድሳ ዘጠኝህ ቀርተሃል። ታላቅህ ነኝ፣ አንተ እልሃለሁ።

የምትጽፈው የልጄ የማናሴ ሚስት መሰረት ናት። አገር ቤት አስተማሪ ነበረች፤ እዚህ ጆሃንስበርግ አጠገብ፣ ሎኬሽን ከሚሏቸው የጥቁሮች ሰፈሮች አንዱ በሆነው ቮስሎሩስ ውስጥ፣ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆማ ዳቦና ሳሙና ትሸጣለች። ከአፌ የወጣውን እንዳለ አስፍሪ፣ አታሳምሪልኝ ብያታለሁ። ሻሸመኔ ጋራዡ ውስጥ ፊደል ላስቆጥርህ ብለህ ስትለምነኝ «ፊደል ለሚረሳ ሰው ነው፤ እኔ የሰማሁትን አልረሳም» ያልኩህ ትዝ ይልሃል? አልዋሸሁህም። ጉዱ እሱ ነው።

ቀብርህ አልወጣሁም። ከተማው ወደ ካቶሊኮቹ መቃብር ሲሄድ እኔ የጋራዡን በር ወለል አድርጌ ከፍቼ የትሬንታ ኳትሮ ካሚዮን ባሌስትራ ብረት ስቀጠቅጥ ዋልኩ። መዶሻው እንዲሰማ ብዬ ነው። አሥራ ሰባት ዓመት ያበላኝን ሰው። ለምን እንደቀረሁ አንተ ታውቃለህ፤ መሰረት ግን አታውቅምና ለእሷም ልናገር።

አንድ ክረምት መኪና ሥር ተኝተን ዝናቡ አላስወጣ ሲለን ነው የነገርከኝ። መንደርህ ጣልያን አገር፣ ፖ የሚባል ወንዝ ዳር ነው። አባትህ ጫማ ሰፊ፣ የመንደሩ ሠራተኞች ማኅበር ጸሐፊ። ማኅበሩ ምንድነው ብልህ «እንደ እናንተ እድር» አልከኝ። ለታመመ ያዋጣል፣ የሞተ ይቀብራል፤ መከር ሲደርስ ደግሞ ስለ ቀን ክፍያ ከባለመሬቶቹ ጋር ይሟገታል። ባለመሬቶቹን ያናደዳቸው ይሄኛው ነው። ከጦርነት የተመለሱ ሥራ ፈት ጎረምሶች ጥቁር ሸሚዝ ለብሰው፣ ዱላ ይዘው፣ ባለመሬቶቹ በቀዱላቸው ነዳጅ በካሚዮን መዞር ጀመሩ። አንዱ መጥቶ ትከሻህን ያዘ። አሥራ ስምንት ዓመትህ ነበር፤ ከሴት ይልቅ መኪና የምትወድ። «የማኅበሩን መዝገብ አምጣልን። አለቆቹን ልናነጋግር ነው፤ ንጹሕ ሰው ምን ያስፈራዋል» አለህና የካሚዮኑን መሪ አስያዘህ።

መዝገቡን ከአባትህ ሣጥን አወጣህ። በነጋታው በመዝገቡ ስም በስም እየጠሩ ቤት ለቤት ዞሩ። አባትህን ገበያ መሃል አንድ ጠርሙስ የጉሎ ዘይት በግድ አጠጡት፤ እኛ ቆዳ የምናለሰልስበትን። ሱሪው ላይ እስኪለቀው ሰው ፊት አቆሙት። አንተ ካሚዮኑ ላይ ነበርክ። ሞተሩን አታጥፋ ብለውህ ነበር፣ አላጠፋህም።

የማኅበሩን ቤት አቃጠሉት። ፖሊሱ አየ፣ ቄሱ አየ። ሰው ሁሉ «ጎረምሶች ናቸው፣ ሥልጣን ሲቀምሱ ይሰክናሉ» ይል ነበር አልከኝ። በዚያው ዓመት ንጉሣችሁ አለቃቸውን ጠርቶ መንግሥቱን ሰጠው። አልሰከኑም። ጋዜጣ ዘጉ፣ ሌላውን ፓርቲ አገዱ፣ አስተማሪውን አስማሉ። ጀርመኑ ከእነሱ ተማረ። አሥራ አራት ዓመት ቆይቶ ያ ካሚዮን እኛ አገር ደረሰ፤ ሾፌሩ አንተ። ገናሌ የዘመተው አባቴ በመርዝ ጋዛችሁ እግሩ ተልጦ እስኪሞት ጫማ አላደረገም። ያንተም አባት ስምህን ዳግመኛ ሳይጠራ ሞተ።

ከዚያ «ይቅር በይኝ፣ አቢሶ» አልከኝ፤ እስከ መጨረሻው ወንዱን አንቺ እንዳልክ ነው የሞትከው። ለምን እኔን እንደጠየቅክ አልገባኝም ነበር። ሌላ የምትጠይቀው ሰው አልቀረህም። ከመኪናው ሥር ወጥቼ እጄን በነዳጅ እየታጠብኩ «እኛ ጋ እንዲህ ያለ ሰው ቀብሩ አይወጣም» አልኩህ። አራት ዓመት ቆይተህ ሞትክ፣ ቃሌን ጠበቅኩ። ስኮራበት ኖርኩ።

አሁን ወደ እኔ እንምጣ።

እዚህ እድር አለን። ከሆሳዕና፣ ከዱራሜ፣ ከስልጤ የመጡ ባለሱቆች ናቸው፤ ስድሳ ሦስት አባል። ሰው ሲሞትብን ሬሳውን አገሩ የሚያስገባው እድሩ ነው። ዳኛው እኔ ነበርኩ። በየወሩ ዱርንፎንቴን ሰፈር በተከራየነው አዳራሽ ስም እጠራለሁ። መዝገብ የለንም፤ መዝገቡ እኔ ነኝ። የምጠራበት ተራ ከአባቴ የወረስኩት ነው፤ ለቅሶው የቅርብ የሆነበት ቤት ቀድሞ ይጠራል፣ የሰው ጆሮ ሳይዝል ሐዘንተኛው «አቤት» ሲል እንዲሰማ። እንዲህ የሚጠራ ሌላ ሰው አላውቅም።

ባለፈው መጋቢት አንድ ሰው መጣ። አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰው «የውጭ ሰው ይውጣ» እያሉ የሚሰለፉ አሉ፤ የእነሱ ሊቀመንበር ነው። ሸሚዙን የተኮሰ፣ ረጋ ያለ። ሊያስተረጉም ጌዴዎንን ይዞት መጣ፤ ጌዴዎን ከእኛ ሱቅ ቀጥሎ ያለ የእድራችን ሰው ነው፣ ዙሉ እንደ አገሬው ይናገራል። ሰውየው ፕላስቲክ ወንበር አምጥቶ አስቀመጠኝ፣ እሱ ፊቴ ቁጢጥ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጠኝ። «ምኩሉ» አለኝ፣ አያቴ ማለት ነው። «የሐበሾች አለቃ አንተ ነህ ተብያለሁ፤ ደህናዎቹን ሰዎች ለይተን ልንጠብቃቸው ነው፣ እነማን የት እንዳሉ ንገረኝ፤ የመኖሪያ ወረቀት ለሌላቸው ደግሞ እናስጨርስላቸዋለን» አለ።

ጌዴዎን ይህን ከተረጎመ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጋሼ፣ ስም አይስጡት» አለኝ።

«ተርጉም ተባልክ እንጂ ምከር አልተባልክም» አልኩት።

ጠራሁ። ስድሳ ሦስቱንም ትንፋሽ ሳልሰበስብ፣ ከነመንገዳቸው። ወረቀት ያለው፣ የሌለው፣ ሱቁ ውስጥ የሚያድር። ሰውየው ስልኩን ደግኖ እየቀዳኝ፣ ራሱን እየነቀነቀ ይደነቃል፤ እኔ በተደነቀ ቁጥር እጨምራለሁ። ሻፊ ላይ ስደርስ «ይሄኛው ከፍሪጁ ጀርባ ነው የሚተኛው፤ ሱቁ የኋላ በር የለውም» አልኩ። ማን ጠየቀኝ? ማንም። ማወቄን ላሳይ ነው። ያን ቀን እንደ ሙሽራ ደስ ብሎኝ ዋልኩ። አንተን የካሚዮን መሪ ገዛህ፤ እኔን ፕላስቲክ ወንበር።

በዘጠነኛው ቀን፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ባለቲሸርቶቹ እየዘፈኑ መጡ። ሰው ችግር ሲደርስበት የሚደውለው ለእድሩ ዳኛ ነው። መጀመሪያ በለጥሽ ደወለች፤ እናቷን በየካቲት ቀብራለች። «ሱቄን ሰበሩት» አለች። ቀጥሎ አለማየሁ። የበለጥሽ ሱቅ ከታክሲ ማቆሚያው ወዲያ፣ የአለማየሁ ከትምህርት ቤቱ ወዲህ ነው፤ መሃላቸው ሰባት የእኛ ሱቅ አለ። አልነኩትም። ሦስተኛውን ስልክ ማን እንደሚሆን አውቄ ነው ያነሳሁት። አራተኛው አብዱልወሀብ ነበር። የሚመጡት በእኔ ጥሪ ነው፣ በለቅሶ ተራ።

አምስተኛው ሻፊ ነው።

ልደውልለት ስልኩን ያዝኩ። ስሙ ውስጡ ተጽፏል፤ የቱ እንደሆነ አላውቅም። መሰረት ዕቃ ልታመጣ ወጥታለች። አንዱን ነካሁ፣ የማላውቀው ሰው በእንግሊዝኛ ሃሎ አለኝ። ሌላውን ነካሁ፣ ዝም። የስድሳ ሦስት ሰው አባትና አያት የማውቅ እኔ፣ ሻፊን ከሌላ ሰው መለየት አቃተኝ። እንዲህ ስል ራሱ ደወለ።

«ጋሼ፣ በሩ ላይ ናቸው» አለ።

«ውጣ» አልኩት።

«በየት?» አለኝ።

ሆስፒታል ሦስት ቀን ቆይቶ ሞተ። እድሩ አዋጥቶ ሬሳውን ለእናቱ ላከ።

ከዚያ ሰው ጥፋተኛ መፈለግ ጀመረ። ጌዴዎን ከዚያ ሰውዬ ጋር ሲሄድ ታይቷል፤ ቋንቋቸውንም ያውቃል። ባለፈው እሑድ አዳራሹ ውስጥ አቆሙት። በለጥሽ «ሻፊን የሸጠው እሱ ነው፣ ከእድሩ ይውጣ» አለች። እዚህ አገር ከእድር መውጣት ምን እንደሆነ ልንገርህ። ሰላም የሚልህ የለም፣ ከአከፋፋይ ዕቃ የሚጋራህ የለም፣ ብትሞት ሬሳህን የሚጠይቅ የለም። ጌዴዎን አንድ ቃል አልተነፈሰም። ዞረው ወደ እኔ «ጋሼ፣ ይፍረዱ» አሉኝ። ዳኛው እኔ ነኛ።

ጌዴዎን አየኝ።

«ለሚቀጥለው እሑድ ይደር» አልኩ። እኔ ነኝ ይህን ያልኩት፣ አንተን በልቤ ፈሪ ስል የኖርኩት።

መኪናው ሥር ተኝተህ ፈዘህ ወደ ላይ ስታይ ሳምንቱን ሙሉ እያየሁህ ከረምኩ። ዛሬ አዳራሹ ሞላ። ተነሥቼ እንደ ወጉ ስም መጥራት ጀመርኩ። በለጥሽ፤ አቤት አለች። አለማየሁ፤ አቤት። ሦስተኛው፣ ከዚያ አብዱልወሀብ። «ሻፊ» አልኩ። አቤት የሚል የለም።

«የመጡት በዚህ ተራ ነው» አልኩ። «በዚህ ተራ የሚጠራ ከእኔ ሌላ አፍ አለ?»

አለማየሁ «ጋሼ፣ ጌዴዎን አስገድዶዎት ነው?» አለኝ። መውጫ በር እየከፈተልኝ ነበር፤ ለሻፊ ያልነበረውን። እውነቱን ልንገርህ፣ በሩን አየሁት።

«አይደለም» አልኩ። «ስም አይስጡት አለኝ፤ ተቆጣሁት።»

የሰደበኝ የለም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። በለጥሽ ነጠላዋን ተከናንባ ወጣች፤ ሌላውም አንድ በአንድ ተከተላት። አለማየሁ «ወንበሩን ይልቀቁ» አለኝ፣ ለቀቅኩ። ስሜ ከእድሩ ወጥቷል።

ደጅ ላይ ጌዴዎንን አገኘሁትና «ስለ እኔ ብለህ ዝም አልክ» አልኩት።

«ስለ እርስዎ ብዬ አይደለም» አለኝ። «‹ከፍሪጁ ጀርባ› የሚለውን በዙሉ የተናገረው የእኔ አፍ ነው።» ሳይሰናበተኝ ሄደ።

ሙሴ ኦሬስቴ፣ ይቅር ብዬሃለሁ ልልህ አይደለም የጻፍኩት። ይቅር ማለት የአባትህ ነበር፤ እኔን ይቅር ማለትም የሻፊ ነው፤ ሁለቱም የሉም። ያኔ የተሳሳትኩት ሌላ ነው። ቀብር መውጣትን እንደ ይቅርታ ቆጥሬው ነበር። ሰው ተሳሳተም አልተሳሳተም አፈር ይለብሳል፤ አፈር ለማልበስ መዶሻ መጣል ይበቃ ነበር።

መሰረት ብዕሯን አቁማ «አባባ፣ ሰውየው ሞቷል፤ ለማን ልላከው?» አለችኝ። ሻሸመኔ ወንድም አላት፤ መቃብርህን ፈልጎ፣ አረሙን ነቅሎ፣ እዚያው ቆሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብልሃል። እግሬ አያደርሰኝም፤ ቀብርህን ይህ ደብዳቤ ይውጣልኝ። የእኔን የሚወጣ ካለ እናያለን።

ከታች ያለው ጠማማ ነገር የመሰረት እጅ አይደለም። አንድ ፊደል ብቻ አስቆጥሪኝ አልኳት። የቱን ስትለኝ ያን ቀን ስልኩ ላይ ያጣሁትን ነገርኳት። አሥር ጊዜ ያህል ጻፍኩት፤ የተሻለው ይህ ነው።

አቢሶ ሎምባሞ

ሻ