ሂርናን ለማን ሰጠኸው?

ጭሮ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ ለአክረም፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አንተም፣ ትምህርትህም፣ የኮንያ ብርዱም እንዴት ናችሁ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናትህ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ምላሷ ደህና ነው። እህትህ ሳጂዳ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ጥናቷን ተያይዛዋለች። ይህን ደብዳቤ እዚያ አብሮህ ለሚማረው ለአብዱላሂ ልሰጠው ነው፤ እረፍቱን ጨርሶ ሲመለስ ያደርስልሃል። ፊደሉ እንደ ሱቅ ማስታወቂያ የገዘፈው ብዕሩ ወፍራም ስለሆነ ነው፤ ሌላ ነገር እንዳታስብ።

ለምን አልደወልክም ትለኝ ይሆናል። ስደውል እናትህ ድምፁን ከፍ አድርጋ መሀላችን ትቀመጣለች። ይህን የምጽፍልህን ነገር ደግሞ ከሰማች እስከ ረመዳን ስትስቅብኝ ትከርማለች።

ቀንቻለሁ ልጄ። ይኸው ተናገርኩት። የስድሳ ሦስት ዓመት ሰው፣ ሠላሳ አንድ ዓመት አይሱዙ የነዳሁ ሰው፣ አግኝቼው በማላውቀው በአንድ የነቀምቴ ልጅ ቀናሁ።

ባለፈው ሳምንት በቴሌግራም የላክኸውን ቪዲዮ ሳጂዳ ከፍታ ምን እንደሚታይ ነገረችኝ። "አባ፣ አክረም የድሮን መነጽሩን አድርጎ ሜዳ ላይ ተቀምጧል። ያ ማቲዎስ የሚለው ጓደኛው ነው መሰለኝ አጠገቡ ቆሟል፤ እጁን ትከሻው ላይ አድርጓል" አለች። የትኛው ትከሻ ላይ? አልኳት። "ቀኙ ላይ።" ቀኙ የእኔ ቦታ ነው። እሱንም ዝም ብዬ ልውጠው ነበር። ከዚያ ልጁ ጮኸ።

"ሂርና! ሂርና! አሁን ሚኤሶ!"

ሳጂዳ ሳቀች። እኔ ተነስቼ ወጣሁ። ለመሆኑ አክረም፣ ኮንያ ውስጥ ሂርና በየት በኩል ነው?

ረስተኸው ከሆነ ላስታውስህ። ያችን ከመዳፍ እምብዛም የማትበልጥ ድሮን አንተ ገጣጠምካት፤ ፈቃዷን እኔ ከቢሮ ቢሮ ዞሬ አስጨረስኩ። መነጽሩን ያደረገ ሰው ድሮኗ የምታየውን ብቻ ነው የሚያየው፤ ከጎን የሚመጣ አሞራም ሆነ ቀጭን ሽቦ አይታየውም። ስለዚህ አንተ አብራሪ፣ እኔ ዓይን ሆንን። መጀመሪያ ቀን "ግራ!" አልኩህ። ፊቷን ወደ እኛ አዙራ ነበርና የእኔ ግራ ያንተ ቀኝ ሆኖ ቁልቋል አጥር ውስጥ ሰካናት። እሾኹን ስንለቅም ነው ዘዴው የመጣልኝ። እኔ መንገድ ላይ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የማውቀው ከተማ ነው። በምሥራቅ በኩል ሂርና፣ በምዕራብ በኩል ሚኤሶ። ድሮኗ እንደፈለገች ብትዞር ሂርና ቦታዋን አትለቅም። መልሳት፣ እግራችን ሥር አሳርፋት ለማለት ደግሞ ጭሮ።

የባጃጁ ጉርሜሳ ሊያየን መጥቶ ምን እንዳለ ታስታውሳለህ? "ኦቦ መስዑድ፣ በእርጅናህ ረዳት ሆነህ ተሳፋሪ ትጠራለህ እንዴ?" ሳቅህ መነጽሩን ሊያስጥልህ ነበር። ያ ነገር የእኔና ያንተ ብቻ ነበር። አንተ ግን አንድ ዓመት ሳይሞላህ ለሰው ሰጠኸው።

በዚያ ላይ ባለፈው ደውለህ "ማቲዎስ እኮ አንድ ሽቦ እንኳ አያመልጠውም" አልከኝ። አንተ ደስ ብሎህ ነው ያወራኸው። እኔ ግን ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

አሁን እናትህ ገበያ ሄዳለች፤ የሆዴን ልጻፍ።

ወደ ቱርክ ልትሄድ ሁለት ሳምንት ሲቀርህ፣ ዓርብ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ለመጨረሻ ጊዜ አበረርናት። "አባ፣ መንገዱ ክፍት ነው?" አልከኝ። "ክፍት ነው፣ ልቀቃት" አልኩህ። ለቀቅካት፤ የመብራት ሽቦው ላይ ተጋጭታ ተበታተነች። ስብርባሪዋን ስትለቅም ቆሜ ተቆጣሁህ። ክፍት ያልኩህ በታች በኩል ነው፣ አንተ ከፍ አደረግሃት አልኩ። አንተም አንገትህን ደፍተህ "ጥፋቱ የኔ ነው፣ አባ" አልክ። ከዚያ በኋላ ስንት ወር ድሮን በእጅህ ሳትነካ ቆየህ፤ ሰው ሲጠይቅህ "እጄ አይታመንም" ትል ነበር አሉ።

ከፍ አላደረግሃትም ልጄ። ሽቦውን አላየሁትም። ድሮኗንም አላየኋትም። ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት የምከተላት በጆሮዬ ነበር፤ ጩኸቷ ወደ ሂርና ሲሄድ ሚኤሶ እልሃለሁ፣ ወደ ሚኤሶ ሲሄድ ሂርና እልሃለሁ። ሽቦ ግን ድምፅ የለውም።

ሐኪሙ የዓይን ሞራ ነው፣ በትንሽ ቀዶ ጥገና ይወጣል ካለኝ ሁለት ዓመት ሆነው። ፈራሁ። አይሱዙውን ደከመኝ ብዬ የሸጥኩት ደክሞኝ አልነበረም። የዚህ ፊደል መግዘፍም የብዕሩ ጥፋት አይደለም። ዓይኔ ጠፍቷል ብል ሌላ ሰው ፈልገህ እኔን ቤት እንዳታስቀረኝ ብዬ ዝም አልኩ። እንደፈራሁት ሌላ ሰው አገኘህ፤ ያውም ጥሩ ዓይን ያለው።

ይህን ያናገረኝ ጸጸት ነው ብልህ ደስ ባለኝ። ጸጸቱማ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ከወንበሬ አላስነሳኝም። ያስነሳኝ ቅናት ነው። ያ ልጅ በእኔ ቦታ ቆሞ በእኔ ከተሞች ሲጮህ በሰማሁ ማግስት፣ ሳጂዳን አስከትዬ ሄጄ የቀዶ ጥገናውን ቀጠሮ አስያዝኩ። ጥር 6 ቀን ነው። እናትህ ቀኑ ሲደርስ ትሰማለች፤ አንተም አፍህን ጠብቅ።

ማቲዎስን ሰላም በልልኝ። ሰላምታው ላይ ግን ብዙ አትጨምርበት። ደግ ልጅ ሳይሆን አይቀርም፤ እኔ ያላየሁልህን ሽቦ እሱ ይይልህ። አላህ ትምህርትህን ያግራልህ፤ ከብርዱም፣ ከክፉ ዓይንም፣ ከማያይ ዓይንም ይጠብቅህ።

አንድ ነገር ልለምንህ። ሂርናን ወስዷል፤ ይሁን። ሚኤሶንም ይውሰድ። ቪዲዮው ግን አዲሷ ድሮንህ ሳታርፍ ነው የሚያልቀው፤ ሳጂዳን ሦስት ጊዜ አስደግሜ አዳመጥኩ፣ ጭሮ ሲል አልሰማሁም። እስካሁን ካልነገርከው አትንገረው። "መልሳት" ይበልህ፣ "አሳርፍ" ይበልህ፣ ከፈለገ በቱርክኛ ይበልህ። ሐምሌ ላይ ትምህርት ሲዘጋ ድሮኗን ይዘህ ስትመጣ፣ በዓይኔ አይቼ እኔ እላታለሁ።

እስከዚያው ለአንተው ልበልህ፦ ጭሮ፣ ልጄ። ጭሮ።

አባትህ መስዑድ